የማይቃጠለው ፊውዝ

አነፍናፊው ይሉታል፤ እሱም አይከፋውም። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያሠራው ቴስተሩን ሳይሆን አፍንጫውን ነውና። በሩ ላይ ቆም ብሎ አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ይስባል። ቀልደኞች «መጣላችሁ፣ ድስታችሁን ክደኑ!» ይላሉ። ሥራው የቆዩ ቤቶችን የኤሌክትሪክ መስመር መመርመር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስመር ሲዘረጋ ኖሮ ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱ ሲጎዳ፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ ምርመራ አዛወረው። ልጁ እንደምትለው ከሆነ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ እንኳ ከሰዉ በፊት ሶኬቱን ነው ሰላም የሚለው።

ሁለተኛው መሣሪያው ጥያቄ ነው። «እዚህ ቤት ውስጥ የማትነኩት ነገር የቱ ነው?» ይላል። እንዴት ያለች ጥያቄ ናት! የቆየ ቤት ውስጥ ሰው ከብልሽቱ ጋር ተላምዶ ይኖራል። ይቺን ማብሪያ በነጠላ ጫማ ጫፍ ነው የምንጫናት፤ ያቺ ቧንቧ ትንሽ ትነዝራለች፤ የኤሌክትሪክ ምድጃው ሲበራ ካውያው ይነቀላል። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ እንደ ቤቱ ጠባይ ስለሚቆጥረው ብልሽት ነው ብሎ አያወራውም። እሱ ግን ከልማዳቸው ተነሥቶ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ያነባል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሄደበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ የመኪና መካኒክ ነበሩ። ያስጠሩት ግን ሚስታቸው ናቸው። ልጃቸው ወልዳ በማግስቱ ከሐኪም ቤት ትወጣለች፤ ከነሕፃኗ የምታርፈውም በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ የሕፃኑ ጨርቅ ተጣጥፏል፣ አዲስ ማሞቂያ ከነካርቶኑ ጥግ ይዟል። እናትየው ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሞቂያው እዚያ ክፍል ውስጥ ሲበራ ቢያድር ያሰጋል ወይስ አያሰጋም?

«ምኑ ነው የሚያሰጋው?» አሉ መካኒኩ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ጎረቤት በሳምንት ሁለቴ ሻማ ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊውዝ ተቃጥሎ አያውቅም!»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።»

«ይገርማል፣ ጋሼ» አለ አነፍናፊው። የምሩን ነበር የገረመው።

ወደ ክፍሉ ገብቶ በአልጋው ራስጌ በኩል ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ እዚህ ጋ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

«ወይ ጉዴ! ዓሣ እኮ በዚህ ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም። እኔ የጎረቤት ድመት ናት ብዬ ግድግዳውን ሁለቴ በሳሙና አጥቤዋለሁ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙናና በሙቅ ውኃ!»

«በሉ ሦስተኛውን ይተዉልኝ» አለ እየሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሶኬት ይሠራባቸው ከነበሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ከልክ በላይ ሲግሉ የዓሣ ሽታ ያመጣሉ። ጭሱም ብልጭታውም ገና ሳይመጣ ሽታው ቀድሞ ይናገራል። ሰው ግን ድመት ያባርራል። አነፍናፊው ዋናውን ማብሪያ አጠፋ፣ መስመሩ መሞቱን በቴስተር ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፣ ከዚያ ሶኬቱን ፈታው። ጀርባው ጠቁሯል። የሽቦው ልባስ በጣቱ ሲነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

ቀጥሎ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ ነቀለ። ፊውዝ ቀድሞ እንዲሞት የተሠራ ነገር ነው፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። በሸክላው ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች። ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ከሚችለው በላይ ኃይል ሲመጣ እሷ ቀልጣ መስመሩን ትቆርጠዋለች። ቤቱ ሲጨልም «ተበላሸ» እንላለን እንጂ፣ እሷ ሥራዋን መጨረሷ ነው። በዚህኛው ፊውዝ ግን በቀጭኗ ሽቦ ፈንታ አራት የመዳብ ክር እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ብሎኑ ሥር ጥብቅ ብሎ ታስሯል። አሠራሩ ያምራል። የባለሙያ እጅ ነው።

አነፍናፊው «ማነው ይህን የሠራው?» ብሎ አይጠይቅም። ድሮ ይጠይቅ ነበር፤ በጠየቀ ቁጥር ግን ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ የቀረውን የሚሰማው አያገኝም። ስለዚህ ፊውዙን በእጁ እንደያዘ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ያስረዱኝ። የመኪና ፊውዝ በምስማር የሚተኩ ሹፌሮች አሉ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?»

«ሞልተዋል እንጂ! አንዱ ባለታክሲ በምስማር ተክቶ 'አበጀኋት' እያለ ሲንጎራደድ ከረመ። አንድ ቀን ከመሪው ሥር ጭሱ ቡልቅ! ጎትተው ሲያመጡልኝ ሽቦው ሁሉ ጥብስ ሆኗል። 'አንተ ደንቆሮ' አልኩት፣ 'ምስማርህማ ደህና ነው፤ መኪናህ ነው የሌለው!'»

በራሳቸው ወሬ ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። ዓይናቸው በአነፍናፊው እጅ ባለው ፊውዝ ላይ አረፈ።

«ያ ባለታክሲ» አሉ ሚስታቸው ከበሩ ላይ፣ «ዘመዳችን ነው እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ» አሉ ቀስ ብለው። ፊውዙን ተቀብለው እያገላበጡ፣ «ልብስ ስትሰፊ እየጨለመብሽ ስትማረሪ ጊዜ ነው እኮ...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። ከዚያ ወደ አነፍናፊው ዞሩ። «ማሞቂያውን ዝቅ አድርገን ብናበራውስ? ለጥቂት ቀን? ነገ ነው የምትመጣው።»

«ጋሼ፣ ፊውዙን አሁኑኑ በልኩ እተካዋለሁ። የዚያ ክፍል ሽቦ ግን ተመዞ እስኪቀየር አራት አምስት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ተቆርጦ መቆየት አለበት። የገዛ ልጄ ብትሆን እዚያ አላስተኛትም።»

«የእኛስ መኝታ ቤት?» አሉ ሽማግሌው።

የእነሱ መኝታ ቤት በኋላ የተጨመረ ነው፤ መስመሩም አዲስና ለብቻው የተዘረጋ። አነፍናፊው ሶኬቱን ፈትቶ አየ፣ አሸተተ፣ ፊውዙን በልኩ ሽቦ ተክቶ ኃይሉን መለሰ፣ ማሞቂያውን ሰክቶ አንድ ሰዓት ያህል አበራውና ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። ቀዝቃዛ ነው። «እዚህ ይቻላል» አለ።

ሽማግሌው ካቻቪቴያቸውን አመጡ። ዋናው ማብሪያ እንደገና ጠፍቶ፣ የጓሮውን ክፍል መስመር አነፍናፊው እያሳያቸው ራሳቸው ፈቱት፤ ጫፉንም በናስትሮ ጠቀለሉት። የሁለቱን ክፍል አልጋዎች ካለዋወጡ በኋላ ላባቸውን እየጠረጉ ለልጃቸው ስልክ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የምታርፊው እኛ ክፍል ነው... አይ፣ የጓሮው መብራት የለውም... ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል።» ከስልኩ ሳቅ ተሰማ። «ሳቂ፣ ሳቂ! ብቻ ለልጅሽ እንዳትነግሪብኝ።»