እጅ የማውጣት ደንባችን

ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የሚያሰማው ድምፅ ባለቤቴን ያስቃታል። «ዛሬም ሜዳ ልትወርድ ነው?» ትለኛለች። እወርዳለሁ። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ፤ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑንም የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሜዳችን አፈር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አቧራውን ሰብስቦ ፊታችን ላይ ይደፋዋል፤ ከፍ ብላ የሄደች ኳስ የት እንደምታርፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በየዓመቱ አዲስ መረብ እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ አሮጌውን በሲባጎ እጠግናለሁ።

ያደግኩት ጴንጤ ቤት ነው። እኩዮቼ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነዋል፣ መዘምራን ይመራሉ፣ እኔ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዞራለሁ። አንዱ ሽማግሌ ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሜዳ፣ እሑድ ሜዳ፤ ጌታን የምታገለግለው መቼ ነው?» ይለኛል። «እዚያው ሜዳ ላይ» እለዋለሁ። የምቀልድ መስሎት ይስቃል።

እርግጥ እንዴት እንደማገለግለው እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። ወጣት ሳለሁ ከግጥሚያ በፊት ልጆቹን ክብ አሠርቼ ጮክ ብዬ እጸልይ ነበር። ከልጆቹ ግማሾቹ ሙስሊም፣ ከቀሩትም አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው የሚጠብቁኝ ለእኔ ሲሉ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን አንዷ፣ «ቲቸር፣ እኔ በሆዴ ብጸልይ ይከፋዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም በሆዴ ነው የምጸልየው። በጸሎቱ ቦታ አንድ ደንብ አስቀመጥኩ። ተጋጣሚ የመታው ኳስ ጣትሽን ነክቶ ወደ ውጭ ከወጣ ነጥቡ የእነሱ ነው፤ ዳኛው ባያይ እንኳ እጅሽን ታወጫለሽ። እኔ «አየሁ» እላለሁ። ሌላ ነገር አልልም። አልቆጣም፣ አላመሰግንም፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ሌሎቹ አሠልጣኞች በዚህ ደንብ ሲስቁብኝ ኖረዋል። «የአንተ ልጆች ለዳኛው ሥራ አላስቀሩለትም» ይሉኛል። በደንቡ ምክንያት የተሸነፍንባቸው ግጥሚያዎች ጥቂት አይደሉም። ለዋንጫ ተብሎ በተሠራው መደርደሪያ ላይ ዛሬም ጠመኔ ነው የምናስቀምጠው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቡድኑ ውስጥ ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጆቿ ከዩኒፎርሟ እጅጌ ስንዝር የሚተርፉ ልጅ ነበረች። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እናትየዋ ፈረቃ ስትገባ ሁለቱን ትንንሽ እህቶቿን የምትይዘው እሷ ስለሆነች ወደ ልምምድ ይዛቸው ትመጣና ከግንቡ ጥላ ሥር ታስቀምጣቸው ነበር። ስትዘልና ስትመታ ያየ መንገደኛ ወሬውን ያቋርጣል። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደ እሷ ያለች አልገጠመችኝም።

ያን ዓመት ግንቦት ላይ ከመቂ ወዲያ፣ ባቱ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር ተዘጋጀ። ጥሩ ጥሩዎቹን መርጦ አዳሪ ማሠልጠኛ የሚያስገባ ኮሚቴ እንደሚመጣ ተነገረን፤ ማደሪያውም፣ ምግቡም፣ ትምህርቱም በነፃ። እናቷ ይህን ሰምታ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። አማርኛና ኦሮምኛ እያደባለቀች ነው የምታወራው፤ እኔንም «ባርሲሳ» ትለኛለች፣ አስተማሪ ማለቷ ነው።

«ባርሲሳ፣ ይቺ ልጅ እዚያ ከገባች ገባች። ካልገባች መቂ እህቴ ጋ ነው የምልካት፤ ቲማቲም ትልቀም። ሦስቱን ብቻዬን አልቻልኩም።»

«ትገባለች፤ አያስቡ» አልኳት። ያን ማለት አልነበረብኝም።

ከተወሰነ ዕድሜ ያለፈች ልጅ ውድድሩ ላይ አትሰለፍም፤ ማሠልጠኛውም የሚቀበለው በዚያው ዕድሜ ነበር። ቅጹ የልደት ቀን የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ክምር ከፊቴ ተደርድሮ፣ የአሥራ ሁለቱንም ልጆች ቅጽ ሞላሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ለሰበብ አይደለም የምጽፈው፣ እውነቱ ይኸው ስለሆነ ነው። ፈረንጆቹ ዘመን እስኪለውጡ ድረስ በተወለደ ሰው ላይ ሰባት፣ ከለወጡ በኋላ በተወለደ ላይ ስምንት እንደሚደመር ለስንቱ አስረድቻለሁ። ያን ቀን ግን ከላይ እስከ ታች ስምንት ስምንት እየደመርኩ ወረድኩ። ልጅቷ ደግሞ የጥቅምት መጨረሻ ልጅ ናት። በእኔ ስምንት አንድ ዓመት ቀነሰችና ቅጹ ላይ ልክ ሆነች። በትክክል ቢሰላ ከተፈቀደው ዕድሜ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ አልፋ ነበር።

ያወቅኩት ባቱ ነው። ቅጾቻችንን ለመዝጋቢው አስረክቤ ዘወር ስል፣ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚሞላ አንድ ወጣት አሠልጣኝ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ የኅዳር ልጅ ላይ ስንት ነው የምደምረው?» አለኝ።

«ሰባት» አልኩት፣ ሳላስብ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የእኔ ስምንት ትዝ አለኝ። ፈቀቅ ብዬ የቅጾቹን ግልባጭ አወጣሁና ተራ በተራ በጣቴ እየቆጠርኩ አሰላሁ። የሌሎቹ ምንም አልሆነም። የእሷ ግን እዚያው ፊቴ ላይ ተበላሽቶ ቁጭ ብሏል። መዝጋቢው ከእኔ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር።

አልሄድኩም። ሁለት ወር እንኳ አይሞላም አልኩ። ሆን ብዬ አላደረግኩትም አልኩ። አንዳንዱ ቡድን ይዞ የመጣቸውን ተጫዋቾች ሳይ ደግሞ «አንተ» ቢሉኝ የማልቀየምባቸው ሴቶች ነበሩ። በሆዴ ልጸልይ ሞከርኩ፤ የሚባል ነገር አጣሁ። ሦስት ቀን እያሸነፍን ሄድን። ከልጆቼ አንዷ እጇን ባወጣች ቁጥር «አየሁ» እላለሁ፤ ድምፄ ግን እያነሰ እያነሰ መጣ።

ፍጻሜው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በመጨረሻው ዙር ተጋጣሚዎቻችን በአንድ ነጥብ ይመሩናል፤ አንድ ከጨመሩ አለቀ። አጥቂያቸው ከባድ ኳስ መታች። ረጅሟ ልጅ መረቡ ላይ ዘለለች፤ ኳሱ ከእጆቿ በላይ አልፎ ወደ ውጭ ወጣ። የመስመር ዳኛው «ውጭ» ብሎ ባንዲራውን አነሳ፣ ዳኛውም ነጥቡን ለእኛ ሰጠ። ጓደኞቿ እየጮኹ ተቃቀፉ። እሷ ብቻ ጣቷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝና እጇን አወጣች።

«አየሁ» ማለት አቃተኝ። እጇ አየር ላይ እንደተሰቀለ ትጠብቀኛለች፣ እኔ የፊሽካዬን ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ዳኛው ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት፣ «አዎ፣ ነክቶኛል» አለችው። ነጥቡም ዋንጫውም የእነሱ ሆነ። ልጆቼ አፈሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያች ደቂቃ በራሴ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው የመረጣቸውን ልጆች ስም በድምፅ ማጉያ አነበበ። የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ሰብሳቢው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ «ቁመቷንም አመታቷንም ወደነዋል፤ እጇን ስታወጣ ግን ነገሩን ጨረሰችው» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ ስልኬን ወሰደችና ለእናቷ ደወለች። የእናትየዋ እልልታ ስልኩን አልፎ ይሰማ ነበር። ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ተመለሰ፤ «ገለቶማ፣ ባርሲሳ! ገለቶማ!» ትለኛለች፣ እያለቀሰች።

ያን ምስጋና መሸከም አልቻልኩም። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ሰብሳቢው ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰባቱን፣ ስምንቱን፣ ሦስቱን ቀን ዝምታዬን። ልጅቷን ግን አላናገርኳትም። ሃያ እርምጃ ላይ ቆማ ከጓደኞቿ ጋር ትስቅ ነበር፣ አልፌያት ሄድኩ።

«ምነው ባልነገርከኝ» አሉ ሰውየው። ቀጠሉና፣ «አሁን ግን ሰምቻለሁ፤ እንዳልሰማ መሆን አልችልም» አሉ። ወረቀቱን አስተካከሉና ዝርዝሩ እንደገና በማጉያው ተነበበ። ስሟ በዕድሜ ምክንያት መሰረዙን እሷም ከሰው ሁሉ ጋር እዚያው ሰማች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረች። አንገቴን ደፋሁ።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ሹፌሩ መቂ ላይ ቲማቲም ሊገዛ ቆመ። መንገድ ዳር ሳጥኖቹ ተደርድረዋል፣ ሴቶች ቁጭ ብለው ይለቅማሉ። እስክንነሳ ድረስ ዓይኗን ከእነሱ ላይ አልነቀለችም። ተነስቼ አጠገቧ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ፊት ወንበር ላይ ቀረሁ።

በማግሥቱ እናቷ ቤት ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ብትጮህብኝ፣ ብታባርረኝ ይቀለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን የልጇን ቱታ አጠፍ አጠፍ እያደረገች፣ «ባርሲሳ፣ ንስሐ የገቡት እርስዎ ናቸው። የከፈለችው ግን እሷ ናት» አለችኝ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ያ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «ይህማ ብርቱ ምስክርነት ነው፤ እሑድ መድረክ ላይ ወጥተህ ተናገር» አለኝ። አልወጣም አልኩት። ትሕትና መሰለው። እውነት በመናገሬ አልተጸጸትኩም፣ ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። ግን በመጀመሪያው ቀን ብናገር ከውድድሩ ነበር የምትቀረው፤ በሰው ፊት ተመርጣ በሰው ፊት አትሰረዝም ነበር። ሦስት ቀን አቆይቼ፣ እልልታውን አሰምቼ፣ እሷን ሳላማክር ነው እጄን ያወጣሁት። በዚህ ላይ ምን መድረክ አለ?

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የስምንተኛ ክፍል ዝርዝር ላይ ስሟ ነበር፤ እሷ ግን አልመጣችም። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልምምዱን ለልጆቹ ትቼ በሚኒባስ መቂ ሄድኩ። እየጠየቅኩ አገኘኋት። ሸራ ከተወጠረበት ጥላ ሥር፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ የተመታውን ቲማቲም ከደህናው ትለያለች። ከጀርባዋ ደላላው እየጮኸ አይሱዙ ያስጭናል። ስታየኝ ተነሳች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ቲቸር? ምን አመጣዎት?»

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። «መጀመሪያ ለአንቺ… ሳልነግርሽ…» አልኩ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ቀኝ እጄን አወጣሁ። ሜዳ ላይ እንደማስተምራቸው፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ጣቶቼ ወደ ላይ። ጫኞቹ ቆመው አዩኝ፤ አንዱ ሳቀ። እጄን አላወረድኩም።

ልጅቷ ብዙ ቆየች። እኔ ያን ቀን መረቡ ሥር ካስጠበቅኳት በላይ ቆየች።

«አየሁ» አለችኝ።

ቁጣም ምስጋናም የለበትም። ሳጥኗ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ቀጣዩን ቲማቲም አነሳች።