የአባቴ ዜማ ተቀባይ

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ አርብ ማታ መዘመሩን ተወ። ይህ ለሌላው ቤት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ጣሪያው የተነቀለ ያህል ነበር።

አይሁዶች ነን። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሌላ የአይሁድ ቤት ካለ እስካሁን ተደብቆብናል። የአባቴ አባት ከየመን ቆዳ ሊነግድ መጥቶ ድሬ በዚያው አስቀረችው፤ ዘመዶቹ አንድ በአንድ ሄዱ፣ እኛ ቀረን። ጸሎት በወጉ እንዲደርስ አሥር ወንድ ይጠይቃል። አሥር ወንድ ከየት ይምጣ? አባቴ ግን በዚህ አይከፋም ነበር። «ጸሎት አሥር ይፈልጋል፣ ዜማ ሁለት ይበቃዋል» ይለናል። በሰንበት ለሰው ተጨማሪ ነፍስ ትሰጠዋለች፤ ያቺ እንግዳ ነፍስ ደግሞ ወሬያችን አይገባትም፣ የሚገባት ዜማ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። እሱ ያወጣል፣ እናቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትቀበላለች። እሷ ስትሄድ ተቀባይ ጠፋ። አርብ በመጣ ቁጥር እራቱን ነካክቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ጀመር። ልብሱ ሰፋው። በዚሁ ከቀጠለ እሱም ሊከተላት ነው ብዬ ፈራሁ።

መቀበሉንማ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ወንድም አለኝ። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ስፒከርና ቻርጀር ይሸጣል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሊቅ ሆኗል። ደንበኛ ሲጠፋ ስልኩ ላይ የሃይማኖት ቪዲዮ ያያል፣ ማታ አንድ አዲስ ክልክል ይዞ ይገባል። አንድ አርብ «አባባ አውጣ፣ እኔ ልቀበልህ» ልል አፌን ስከፍት «የሴት ድምፅ በዜማ ለወንድ ክልክል ነው!» አለኝ።

«አባቴ እኮ ነው!»

«ሕግ ሕግ ነው።»

«ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?»

«ኔትወርክ ተቆረጠ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«እንግዲያው አንተ ተቀበላ!» አልኩት። ስልኩ ላይ አጎነበሰ። ወንድሜ ሲዘምር ቢዮ አዋሌ ገጠር ግመል ሲጭኑት የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል፤ ይህን ደግሞ ራሱም ያውቃል።

በሚቀጥለው አርብ ከሰዓት ወንድሜ አባቴን «አባባ፣ ተቀባይ አምጥቼልሃለሁ» አለው። አባቴ ሰው የመጣለት መስሎት ገላውን ታጠበ፣ ነጭ ልብሱን ለበሰ፣ ጢሙን አበጠረ። ሳሎን ሲገባ ወገቡ የሚደርስ ጥቁር ስፒከር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ይላል። ወንድሜ የራሱን ድምፅ በሚያሳምር አፕ አሳምሮ ቀድቶበታል። አባቴ ስፒከሩን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ችግሩ፣ ሰንበት አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እኛ የኤሌክትሪክ ቁልፍ አንነካም። አስቀድመን ከፍተን እንዳንተወው፣ አባቴ መቼ እንደሚጀምር ማን ያውቃል? ስለዚህ ሕጉ የማይመለከታት፣ ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤታችን ተጠራች። ሊቁ ግን ለዚህም ክልክል አላጣም፦ ክፈቺው ብሎ ማዘዝ አይቻልም፣ በዘወርዋራ ብቻ ነው። እራት ላይ አባቴ ለልጁ ሲል የመጀመሪያውን ስንኝ በቀጭን ድምፅ አወጣ። ወንድሜ ወደ ጎረቤታችን ዞረ።

«ቤቱ ጭር አላለም?»

«ጭር ካለ ለእንቅልፍ ይመቻል» አለች።

«ያ ሳጥን... አንድ ሰው ቢነካው ደስ የሚለው ይመስላል።»

«ዋሪያ! አንተ ልጅ፣ አሞሃል እንዴ? ክፈቺ በለኝና ልክፈተው!»

«እሱን ማለት አልችልም።»

«ታዲያ እኔ ጠንቋይ ነኝ? አቦ አታድርቀኝ!» አለችና ተነስታ ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ተጫነች።

ስፒከሩ እንደ ሠርግ ቤት አጓራ። የሻማው ነበልባል የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። አባቴ ስንኙን መሃል ላይ ቆረጠው፤ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው መዞር ጀመረ። በቃ፣ ዳግመኛ አይዘምርም አልኩ በልቤ።

መብራት ሄደ። የድሬን መብራት በሄደ ቁጥር ስሰድበው ኖሬአለሁ፤ ያን ቀን ግን መረቅሁት። የቀሩት የሰንበቱ ሻማዎች ብቻ ነበሩ። ጸጥታው ውስጥ አባቴ ስንኙን እንደገና ከመጀመሪያው አወጣና ጨርሶ ጠበቀ። የሚያየው ወጥ ቤቱን በር ነበር። በሩ ላይ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ተቀበልኩ።

«ክልክል እኮ...» ብሎ ወንድሜ ተነሳ።

«ቁጭ በል!» አለው አባቴ። «እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ በር ላይ ስትቀበለኝ አንተን ማን አስፈቀደህ?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ በይ፣ ልጄ። እናትሽ እዚህ ጋ ትንሽ ትቆይ ነበር።»

ቀስ አልኩ። እንባዬ እየወረደ እሷ በምትቆይበት ቆየሁ፤ አባቴም ቀጣዩን ስንኝ ድሮ በማውቀው ወፍራም ድምፁ አወጣው። ሁለተኛው ዜማ ላይ ስንደርስ መብራት መጣ፣ ስፒከሩም ቀይና አረንጓዴ ማብለጭለጭ ጀመረ። ጎረቤታችን ማንም ሳያዛት፣ በዘወርዋራም ሳይነግራት፣ ተነስታ ሄዳ ከሶኬቱ ነቀለችው።