ድንጋዩን ወደ ቦታው የመለሰችው በቅሎ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ፣ የሥነ ምድሩ ዶክተር፣ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረች የቡጢ ያህል ጥቁር ድንጋይ አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አንድ ጎኗ ለስላሳ ሆኖ ጎን ለጎን የተጫሩ መስመሮች አሉበት።

“ማን የጫራት ይመስልሻል?”

“መኪና ጎትቷት ይሆናል።”

“በረዶ ነው።”

“የት አገር በረዶ?”

“እዚሁ አገራችን።”

ሳቄ አመለጠኝ። የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ እኔ የማውቀው በረዶ የደረሰ ገብስ አርግፎ ወዲያው የሚቀልጠውን ነው። ዶክተር ግን አልሳቁም። ሰው ከመፈጠሩ እጅግ በፊት ይህ መሬት የደቡብ ዋልታ ጎረቤት እንደ ነበር ነገሩኝ። ተራራ የሚያህል በረዶ እየተንሸራተተ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ከሥሩ የያዘውን ጠጠር ከአለት ጋር እያፋተገ ይጭረዋል። ጫፉ ተገምሶ ባሕሩ ላይ ይንሳፈፍና ሲቀልጥ ጠጠሩን ከታች ያለው ጭቃ ላይ ይጥለዋል። በረዶ ሲበዛ ባሕሩ ዝቅ፣ በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ ይላል። ጭቃው እየተደራረበ ይደነድንና ይህን ሁሉ ከታች ወደ ላይ በተራ ይዞ ይቆያል።

“የእኛ ሥራ ተራውን ማንበብ ነው” አሉኝ። “ከስንተኛው ሜትር እንደ ተነሣ ያልታወቀ ድንጋይ ለቤት መሠረት ይሁን። እኔ ጋ አታምጪው።”

በረዳት ቴክኒሻንነት ገብቼ በከፍተኛ ቴክኒሻንነት ጡረታ ወጣሁ። ዕቃችን መዶሻ፣ ሜትር፣ ኮምፓስ፣ የጨርቅ ከረጢትና ማርከር ነው። ከገደሉ ሥር ሜትር እየዘረጋን ወደ ላይ እንወጣለን። ከየንብርብሩ ናሙና እንፈነቅላለን፤ ቁጥሩን ድንጋዩ ላይ፣ ከረጢቱ ላይ፣ ደብተሩ ላይ እንጽፋለን። ሦስት ቦታ ያልተጻፈ አልተጻፈም።

ይህን ለስንቱ አዲስ ገቢ ስለፈልፍ ኖሬ፣ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ያውም በገዛ አገሬ።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከመካነ ሰላም ወደ አባይ ሸለቆ ወረድኩ። ወንዙ ከሞላ የገደሉ ሥር ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ስንቱን ንዶ እንደሚሄድ አይታወቅም። ዶክተር ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከተማ ቀሩ። ከእኔ ጋር የወረዱት የወግዲው በቅሎ ጫኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ሽበታም፣ ነገር የማያጣድፉ፣ ዳማ በቅሏቸውን ከሰው እኩል የሚያማክሩ ሰው ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ድንጋይ ፈነቀልኩ። የእንጎቻ ያህል ነው። ግራጫ ጭቃ የነበረ ነው፤ መሐሉ ላይ በረዶ የጫረው ጠጠር ተቀርቅሯል። ከጠጠሩ አጠገብ የባሕር ትል የተሳበበት ዱካ አለ። በረዶውም ባሕሩም አንድ ድንጋይ ላይ! እኔ በቆላው ሙቀት ላቤ ይንጠፈጠፋል። እዚያው ቁጭ አልኩ።

“ምን ሆንሽ? እባብ ነው?” አሉ ጋሽ ይመር።

“ጋሽ ይመር፣ እዚህ ባሕር ነበር። የበረዶ ተራራ ይንሳፈፍበት ነበር።”

ሽቅብ ገደሉን፣ ቁልቁል ወንዙን አዩ። “ሱብሃን አላህ! ሰውስ ነበር?”

“ማንም አልነበረም።”

“ታዲያ ለማን ይታይ ብሎ ሠራው?”

ድንጋዩን ከእጄ ተቀብለው እያገላበጡ አዩት።

ድንጋዩን ለሁለት ልሰብረው አንጀቴ አልቻለም፤ ከዚያው ሜትር ከወሰድኳቸው ቁራጮች ጋር እንዳለ በአንድ ከረጢት አስገባነው። ሌላውን ሁሉ ከየቦታው ሁለት ሁለት ቁራጭ ነበር የወሰድኩት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ድንጋዮቹ ረጠቡ፤ ማርከሩ እርጥብ ላይ አልጽፍ አለ። ከተማ ስገባ እጽፋለሁ ብዬ ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ ብቻ አደረግሁ። ደብተሬም ረጥቦ የዚያን ቀን ገጽ ቀለሙ ተዘበራርቋል። ስልኬ የቁልፍ ነው፣ ፎቶ አያነሣም።

መካነ ሰላም ገብቼ ከረጢቶቹን ስፈታ አንዱ ውስጥ አራት ድንጋይ አለ። ሌላው ባዶ ነው።

“ጋሽ ይመር! ይህን ማን ነካው?”

“እኔ ነኛ” አሉ ኮራ ብለው። “ዳገቱ ላይ ጭነቱ በግራ አጋደለ። ከረጢቱን እንዳለ ባዛውረው በቀኝ አጋደለ። እየፈታሁ አንዳንድ ድንጋይ አዛወርኩና ልክ መጣልኝ። እንደዚያ ባላደርግ ኖሮ በቅሎዋም ድንጋይሽም ገደል ነበሩ።”

ጮህኩባቸው። የአባቴ እኩያ በሆኑ ሰው ላይ፣ መንገደኛ እስኪሰበሰብ ድረስ ጮህኩ። እሳቸው ግራ ገባቸው።

“ሁሉም ካንድ ገደል የወጣ ድንጋይ አይደለም እንዴ?”

ቁራጮቹን ስብራት ለስብራት እያገጣጠምኩ መለስኳቸው። ያ ትልቁ ግን ጓደኛ የለውም። እኔ ከአሥራ አንደኛው ሜትር ይመስለኛል። ጋሽ ይመር ደግሞ “ወላሂ አይደለም። ከሾላው ሥር ነው፤ ከእጅሽ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ” አሉ። ሾላው አራተኛው ሜትር ላይ ነው።

ዶክተር ድንጋዩን ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ።

“ባሕሩ መቼ እንደ መጣ የሚነግረን ይሄ ነው። ስንተኛው ሜትር ላይ ነበር?”

አሥራ አንድ ብል ያምኑኛል። የስንት ዓመት ሥራዬን አምነው ይጽፉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያንን ይዞ ይቆጥራል።

“አላውቅም ዶክተር። ሳልጽፍበት ቀረሁ።”

“ሲቸኩሉ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አሉ ቀስ ብለው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “እንግዲህ ለቤት መሠረት ይሁን።”

“ሁለት ቀን ይስጡኝ። ወንዙን ልቅደመው።”

በማግስቱ ማለዳ ይቅርታ ልጠይቅ ጋሽ ይመር ዘንድ ሄድኩ። “አፉ ይበሉኝ።”

“አብሽሪ፣ አፉ ብያለሁ። ድንጋዩን አምጪው።”

በበቅሎዋ ግራ ጎን ድንጋዩን አሰሩ። በቀኝ ጎን ደግሞ ከግቢያቸው እኩያውን መርጠው ጫኑ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። “ምን ያስቅሻል? እንዲያጋድል ነው?” አሉኝ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ስንደርስ ወንዙ ደፍርሷል። ባለፈው ምሳ የበላንበት ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ አሥራ አንደኛው ሜትር ላይ ወጣሁ። እኔ ነኛ ቴክኒሻኗ! ባለፈው የፈነቀልኩበትን ጎድጓዳ ጠርጌ ድንጋዩን አስጠጋሁት። አልገባም። አዙሬ ሞከርኩት። አልገባም።

“ከሾላው ሥር አልኩሽ እኮ!” አሉ ከታች።

ወረድኩ። ከሾላው ሥር አጠገብ አንድ ጎድጓዳ አለ። ድንጋዩን አስጠግቼ ትንሽ አዞርኩትና ገፋሁት።

ገባ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። የገደሉ መስመሮች በግራ መጥተው፣ በድንጋዩ አልፈው፣ በቀኝ ቀጠሉ። ያ ጭቃ ያረፈው ባሕሩ ሳለ ነው። ባሕሩ ሄደ፣ በረዶው ሄደ፣ ምድሪቱ ራሷ ከዋልታ ተነሥታ እዚህ ድረስ መጣች፤ እሱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እኔ ለአራት ቀን ነቅዬው ቦታው ጠፍቶኝ ነበር። እጄን ከላዩ ማንሣት አቃተኝ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

“ተይ እንጂ የሺ፣ አሁንማ ተገኘ” አሉ ጋሽ ይመር።

ድንጋዩን መልሼ አወጣሁት። በነጠላዬ ጠርጌ የፀሐይ ጭላንጭል ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት። ማርከሬን ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“ውሃው እየመጣ ነው፤ ቶሎ በይ!” አሉ።

“ይድረቅ” አልኩ።

በደብተሬ ላይ ከአራት ሜትሩ አጠገብ “ቦታውን ያመለከቱት ጋሽ ይመር ናቸው” ብዬ ጻፍኩ። ዶክተር ሲያነቡት “ይቆይ፣ እንዳትሰርዢው” አሉኝ።

ማርከር እርጥብ ድንጋይ ላይ አይጽፍም። እስኪደርቅ ይጠበቃል።