ባሌ ከጀልባ የዘለለ ዕለት

ሐዋሳ ተጋብተን አብረን የቆየነው አንድ ወር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ባሌ ጆሃንስበርግ ያለውን ሱቁን ለሰው አደራ ሰጥቶ ስለመጣ ቶሎ መመለስ ነበረበት። «ወረቀትሽን ጨርሼ ለፋሲካ እወስድሻለሁ» ብሎኝ ሄደ። እሱ በገባ በሳምንታት ውስጥ ኮሮና መጣና ድንበሩም፣ በረራውም፣ ኤምባሲውም ተዘጋ። ያ ፋሲካ አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። እናቴን «ልጅሽን ዳርሽ ወይስ አልዳርሽም?» የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ ደግሞ መልሱን ከኔ ትጠብቃለች።

በመጨረሻ ተሳክቶልኝ ስደርስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሰው ሁሉ ፊቱን በማስክ ሸፍኗል። ባሌን አጣሁት። ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ስደውልለት ስልኩ አጠገቤ ከቆመ ወፈር ያለ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ለካ እሱም ከኋላዬ የምትመጣ ሌላ ሴት ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር። ተቃቀፍን። ከመተቃቀፋችን በፊት ግን ሁለታችንም ትንሽ ቆም ብለን ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እርግጠኛ ለመሆን።

ሱቁ ያለው ኦሬንጅ ፋርም ነው፤ ከከተማው ወደ ደቡብ በታክሲ ብዙ ተኪዶ የሚደረስበት ሰፈር። ዳቦ፣ ዱቄት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ በኩል እንሸጣለን፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ባለችው ክፍል እንተኛለን። ግቢው የአንዲት አሮጊት ነው። ባሌ «ጎጎ» ይላቸዋል፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። እኔም ጎጎ አልኳቸው። የምንግባባበት ቋንቋ ስላልነበረን ጠዋት ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በራቸው ላይ ተቀምጠው ካገኘኋቸው ፈገግ እላለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ያነሳሉ፤ አለቀ።

ባሌን ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት። ሕፃኑም ሽማግሌውም ማይ ፍሬንድ ይለዋል። ከነሱ ጋር በዙሉ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ፍርግርጉን ይዞ ይስቃል። ወደኔ ሲዞር ሳቁ እዚያው ይቀራል። «ምሳ በላሽ?» ይለኛል። «በልቻለሁ» እላለሁ። ሐዋሳ ሳለን ስኳር የበዛበት ሻይ ነበር የሚወደው፤ እዚህ ያለ ስኳር ይጠጣል። ሐዋሳ ሳለን ሌሊቱን እንደ ግንድ ነበር የሚተኛው፤ እዚህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል። በታኅሣሥ ይዘንባል፣ ይሞቃልም። መጀመሪያ ላይ የተምታታብኝ የአየሩ ነገር ነበር የመሰለኝ።

የባሕሩን ጉዞ ያሰቡት ከተማ መሀል ልብስ የሚነግዱ፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አስተባባሪ ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ገደቡ ላላ ሲል አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው አሰባስበው፣ ደርባን አካባቢ ቀኑን ሙሉ በጀልባ የሚያዞር ሰው አገኙ። ሱቅ ድረስ መጥተው «ሙሽሪትን ባሕር ሳናሳያት አንቀርም» አሉት።

«እትዬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ሙሽራ አለ?» አልኳቸው።

«ማስክሽን እስክታወልቂ ሙሽራ ነሽ» አሉኝ።

ባሌ ጀልባ ሲባል አንገቱን ደፋ፤ የዳቦውን መደርደሪያ ማስተካከል ጀመረ። የገባኝ መሰለኝ። የሠርጋችን ቀን ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ፎቶ ስንነሳ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ፣ ፎቶ አንሺው ፈገግ በል እያለ ይለምነው ነበር። ያደገው ሆሳዕና አካባቢ ደጋ ላይ፣ ውሃ ከምንጭ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ነው። «አይዞህ» አልኩት እትዬ እንደሄዱ፤ «እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ አጠገብህ እሆናለሁ።» ቀና ብሎ አየኝና ዳቦውን መደርደሩን ቀጠለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ዋና አልችልም። በኛ ሰፈር ሐይቅ ለሴት ልጅ ዳር ቆሞ ለማየትና ዓሣ ለመብላት ነው።

ደርባን ስንደርስ ጠዋት ነበር። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ወደብ ተሰለፍን። አንዲት ወጣት ሽጉጥ የሚመስል ነገር ግንባሬ ላይ ስትደግን ወደኋላ ሸሸሁ። ሙቀት መለኪያ ነበር። ከዚያ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ተረጨ፣ ብርቱካናማ ሰደርያም ለበስን፤ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ነው ተባለ። የጀልባው ካፒቴን የሕንድ ዘር ያላቸው፣ ነጭ ጢማቸው ከማስካቸው ሥር የሚወጣ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ተራርቆ እንዲቀመጥ ያደርጉ ስለነበር እኔና ባሌ አንድ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ አዩንና፣

«ከአንድ ቤት ናችሁ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት።

ባሌ ቶሎ አልመለሰም። በጣም ትንሽ ነው የቆየው፤ ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ከዚያ «አዎ» አለ። ጀልባው ተነስቶ ወደቡን እስኪወጣ ድረስ ያቺን ዝምታ ሳገላብጣት ነበር።

ባሕሩን ትልቅ ሐይቅ ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ሐይቅ ግን ማዶ አለው። እዚህ በአንድ በኩል አረንጓዴ ኮረብታና ተራርቀው የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ በሌላው በኩል ምንም የለም። አንድ ቦታ ላይ ጎርፍ ያደፈረሰው ወንዝ ወደ ባሕሩ ሲገባ አየን፤ ቡናማውና ሰማያዊው ውሃ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እትዬ መዝሙር ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ አቋርጠው ማስመለሻ ላስቲክ ለመኑ። ባሌ ግን አላጥወለወለውም። ጠርዙንም አልጨመደደም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ኮረብታዎቹን ብቻ ያያል።

ድንጋዮች ማዕበሉን የሚከለክሉበት ቦታ ስንደርስ ካፒቴኑ መልሕቅ ጣሉ። ዋና የሚችል ሰደርያውን አውልቆ መግባት ይችላል፤ የማይችል ከነሰደርያው በመሰላል ወርዶ ገመድ ይያዝ አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ባሌ ተነሳ። ሰደርያውን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ። ስልኩንና ማስኩን እጄ ላይ አስቀመጠና ምንም ሳይናገር ከጀልባው ጫፍ ዘለለ።

ራሱን ሊያጠፋ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ራቅ ብሎ ወጣ፤ ክንዱን በየተራ እየወረወረ፣ ሳይጣደፍ ውሃውን መሰንጠቅ ጀመረ። ሰውነቱ ሱቅ ውስጥ ከማውቀው የቀለለ ይመስላል።

«ዋና ይችላል እንዴ?» አሉኝ እትዬ ላስቲካቸውን እንደያዙ።

«አዎ» አልኩ።

«ያንቺው ሐይቅ ላይ ነዋ የተማረው» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«አዎ» አልኩ ደግሜ። የገዛ ባሌን አላውቀውም ማለት ከመዋሸት የከበደ ሆነብኝ።

ስልኩንና ማስኩን ለእትዬ ሰጥቼ ከነልብሴ ከነሰደርያዬ መሰላሉን ወረድኩ። ድፍረት አይደለም፤ ልጠይቀው ስለፈለግኩ ነው። ውሃው ሞቃት ነበር። አፌ ውስጥ ሲገባ ጨው መሆኑ አስደነገጠኝ፤ ጨው እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ እንኳ። ባሌ እየዋኘ መጣና ገመዱን በአንድ እጁ፣ እጄን በሌላው ያዘ።

«መቼ ተማርክ?» አልኩት።

«እዚህ ነው።»

«የት እዚህ?»

«ቫል ወንዝ። ሱቃችንን ያዘጉን ጊዜ። የጎጎ ልጅ ታክሲ ሹፌር ነበር፤ እሱም ሥራ ቆሞበት ዓሣ ሊያጠምድ ይሄድ ነበር። አብሬው መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ሆዴን ደግፎ ነው ያስተማረኝ።» ሳቀ። ለደንበኞቹ የሚስቀው ሳቅ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺ ኤምባሲ በር ላይ እያለቀስሽ ስትደውዪልኝ፣ እኔ ወንዝ ውስጥ እየተንቦጫረቅሁ ነው ልበልሽ?»

በስልክ ሁሌም «አለሁ፣ አዲስ ነገር የለም» ነበር የሚለኝ። እኔ ደግሞ ጨለማ ሱቅ ውስጥ ብቻውን አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው አስቤ ሌት ተቀን አልቅሼለታለሁ፤ ጾሜ ጸልዬለታለሁ። ያ ሰው ማን ነበር? ልናደድ ፈለግኩ፤ የምናደድበትን አጣሁ። ደስ ሊለኝም ፈለግኩ፤ እሱም አልመጣልኝም። እግሬ መሬት አልነካ ብሎ እየተንጠለጠለ እንኳን ስሜቴን ሐሳቤንም መሰብሰብ አልቻልኩም።

«ጎጎ ልጅ አላቸው?» አልኩት ዝም ብዬ፤ የሚባል ነገር ስላጣሁ። «እኔ አይቼው አላውቅም።»

«ነበራቸው» አለ። ማዕበል መጣና ሁለታችንንም ከፍ አድርጎ አወረደን። ካፒቴኑ ከላይ ጠሩን።

ከሰዓት በኋላ ምግብ ወዳለበት ዳርቻ ወሰዱን። ድንኳን ሥር፣ በልብሳችን ላይ የባሕሩ ጨው እየነጣ ተቀመጥን። ያመጡልን የደርባን ምግብ ባኒ ቻው ይባላል። ግማሽ ዳቦ ሆዱ ተፈልፍሎ በጣም የሚያቃጥል የበግ ወጥ ይሞላበታል፤ የተፈለፈለው ልብ እላዩ ላይ ይቀመጣል፤ በእጅ ነው የሚበላው። ዳቦው እኛ ሱቅ በየቀኑ የምንሸጠው ያው ዳቦ ነው። ባሌ ልቡን ቆርሶ፣ ወጥ አጥቅሶ በሰው ፊት አጎረሰኝ። ጣቱ ሳኒታይዘር ሳኒታይዘር ይላል። ዋጥኩት።

«ይሄንንም በልተኸው ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ባሕሩንስ? አይተኸው ታውቃለህ?»

ዳቦውን በመጣበት ላስቲክ ላይ መልሶ አስቀመጠ። «አንድ ጊዜ መጥቻለሁ» አለ። «ልንቀብረው።»

የጎጎ ልጅ በበሽታው ነው የሞተው። ሆስፒታል ከገባ በኋላ ማንም አላየውም። የጎጎ አገር ለካ በጀልባ ካለፍናቸው ኮረብታዎች ጀርባ ነው። ቀብር ላይ ብዙ ሰው አይፈቀድም ነበርና ጎጎ ለዘመዶቻቸው «ይሄም ልጄ ነው» ብለው ባሌን ይዘውት መጡ። ከቀብሩ በኋላ ብቻውን ወደ ባሕሩ ወርዶ ዳር ቆሞ ተመለሰ። ውሃው ውስጥ ግን አልገባም። ሟቹ ወንዝ ላይ እያሉ «ድንበሩ ተከፍቶ ሚስትህ ስትመጣ ባሕር እወስዳችኋለሁ፤ ወንዝ ዋና አይባልም» ይለው ነበር።

«ያንን ቀን ደውለህልኝ ነበር?» አልኩት።

«ደውዬልሻለሁ።»

«ምን አልከኝ?»

«አለሁ አልኩሽ።»

እትዬ ከወዲያ በኩል «ሙሽሪት፣ ብዪ እንጂ» አሉኝ። በላሁ። ቃሪያው ዓይኔን አስነባው፤ ሰውም ለዚያ ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምኑ ከቃሪያው ምኑ ከሰማሁት እንደሆነ ግን ዛሬም መለየት አልችልም።

ከዚያ ወዲያ በአእምሮዬ ጎጎ ብቻ ነበሩ። በየጠዋቱ ጥርሴን እያሳየሁ ያለፍኳቸው፣ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። በኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ግቢ ገብቶ ለቅሶ ሳይደርሱ መቀመጥ ነውር ነው። ለሞተ ሰው ደግሞ ዘገየ ብሎ ነገር የለም ስል ራሴን አሳመንኩ።

በተመለስን ማግስት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ጎጎ በር ላይ ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ። ጎጎ ግን ግራ ገባቸው። ግንባሬን በመዳፋቸው ነኩ፤ ከባሕር በሽታ ይዤ የመጣሁ ሳይመስላቸው አልቀረም። ሻይ አፈሉልኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው በአማርኛ። አልገባቸውምና ስኳር ጨመሩልኝ። ደግሜ ስላቸው ተነስተው «ማይ ፍሬንድ» እያሉ ወደ ሱቁ ተጣሩ።

ባሌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። እኔን አየኝ፣ ነጠላዬን አየ። ለጎጎ በዙሉ ረዘም አድርጎ አወራቸው፤ መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ጎጎ ወንበራቸውን ጎተት አድርገው ወደኔ አስጠጉና ክንዴን ያዙ። ባሌም መሬት ላይ፣ ከኛ እግር አጠገብ ቁጭ አለ። ከሱቁ በኩል አንድ ደንበኛ ፍርግርጉን በሳንቲም ያንኳኳል፤ ሦስታችንም አልተነሳንም።