የፈረንጁ ፊርማ

እኛ ታይላንድ ውስጥ ጫማ የምናወልቀው ሰው ቤት ስንገባ ነው እንጂ እኔ የምሠራበት መሬት ቢሮ ስንገባ አይደለም። ሽማግሌው ፈረንጅ ግን በር ላይ አውልቆ ከታይ ሚስቱ ጋር ገባ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ሲሚንቶ ደርቋል። ሚስቶቻቸው መሬት ሲገዙ የውጭ አገር ባሎች ሁሉ የሚፈርሙትን ወረቀት ሰጠሁት፦ መሬቱ የተገዛው በሚስቴ ገንዘብ ነው፣ እኔ ምንም መብት የለኝም።

«ልጄ፣ እሷ ቀድማኝ ብትሞትስ?» አለኝ በተሰባበረ ታይኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አባባ፣ የውጭ አገር ሰው መሬት መያዝ ስለማይፈቀድለት፣ ቢወርሱም በዓመት ውስጥ መሸጥ ግድ ነው።»

«ቤቱን እኮ በእጄ ነው የሠራሁት።»

«ፈርምና እንሂድ፣ አንተ ፈሪ!» ብላ ሚስቱ ላምዱዋን ሳቀች። ሳቋን ሳል አቋረጠው።

ፈረመ። በር ላይ ጫማውን ሲያደርግ ሚስቱ እንደገና ሳለች። አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ተንደርድሮ፣ እንዳዘመመ ግድግዳ በሁለት እጁ ደገፋት።