ባሕሩን ይዤ ወደ ኮሶዬ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለፋሲካ ሲዘጋ ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ተጓዝኩ። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ገና ያልታተመ መጽሐፍ ለገበሬዎች ማንበብ።

ነገሩን ላስረዳ። ሐጂ ሰዒድ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር በእጅ የሚሠራ ማተሚያ አላቸው። የዐረብኛ መጻሕፍት ያትማሉ፤ እየተረጎሙም በአማርኛ ያወጣሉ። የሚደጉማቸው መንግሥትም ባለጸጋም የለም። ደንባቸው ጥብቅ ነው፤ ትርጉሙ ዐረብኛ ለማያውቅ ሰው ሳይነበብ ለኅትመት ፊደል አይለቀምም። ያለፈው ትርጉማቸው ፒያሳ ላይ ሲነበብ ሰሚው እያዛጋ ስለ ተበተነ ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። የአሁኑ ታሪክ ከባሕር ሥር ሉል የሚባለውን ዕንቁ ስለሚያወጡ ጠላቂዎች ነው።

«ይህም ካልተወደደ መተርጎሙን እተዋለሁ» አሉኝ ረቂቁን በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ። «አንተ ደግሞ ማብራራት አታብዛ፤ ክፍል አይደለም።»

ጠዋት

ወደ ደባርቅ ለሚሄድ የጭነት ማኪና ሾፌር አንድ ብር ከፍዬ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ዳገቱን ስንያያዘው ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ጣሊያን የሠራው መንገድ ጠጠሩ ተነቅሎ አንገላታን።

ምሳ ሰዓት፣ ኮሶዬ

ማኪናው ለምሳ ሲቆም ከገደሉ አፋፍ ባለች ምግብ ቤት የገብስ እንጀራ በሽሮ በላሁና ረቂቁን ፈታሁ። አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ንባቡን ሊሰሙ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

«ባሕር ማለት የጣናን ብዙ እጥፍ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጣናንም አላየሁ። ምነው በማላውቀው ታስረዳኛለህ? አንብብ።»

አነበብኩ። ጠላቂው ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ጀልባዋ ላይ ሆኖ ጫፉን የያዘው በውርስ የተጣላው የሚስቱ ወንድም ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ሉል ማብራራት ጀመርኩ።

«ሉሉ ይቆየን» አሉ አያ ደሴ። «አማቹ ይስበዋል ወይስ አይስበውም?»

«ታሪኩ ገባዎት?»

«ምነው አይገባኝ? ከዚህ ገደል ማር ልቆርጥ ስወርድ ገመዴን የሚይዘው አማቼ ነው። በድንበር በተኳረፍንበት ዓመትም እሱ ነው የያዘው።»

«ያን ዓመት ማሩ ያነሰው ለካ ለዚህ ነው» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሾፌሩ ተሳፋሪዎቹን ሊጠራ ጥሩምባ ቢነፋ የሚወጣለት አጣ። ሊቆጣ ገብቶ እሱም በሩን ተደግፎ ቀረ። ስጨርስ ያዛጋ አልነበረም።

«ሸጋ ሰው ነው» አሉ አያ ደሴ በመጨረሻ። ስለ አማቹ መሆኑ ገባኝ፤ ስለ የትኛው አማች እንደ ሆነ ግን አልጠየቅኩም።

ማምሻ፣ ጎንደር

በተመላሽ ማኪና ስደርስ ሐጂ ሰዒድ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ባሕሩ ገባቸው?»

«ስለ ባሕሩ ማንም አልጠየቀኝም። የጠየቁት ስለ ገመዱ ነው።»

ለሽፋኑ በእንጨት ላይ የተቀረጸችውን የመርከብ ሥዕል አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቷትና ወደ ፊደል ለቃሚው ዞሩ። «ጀምር። ለሽፋኑ ገመድ እናስቀርጻለን።»

ሰው ያላየው አገር የሚደርሰው በሚያውቀው ነገር በኩል መሆኑን ኮሶዬ ላይ ተማርኩ። ከጉዞው በፊት በረቂቁ ገጾች ግርጌ የጻፍኳቸውን ማብራሪያዎች በዚያው ምሽት ሰረዝኳቸው። ሉል ምን እንደ ሆነ የምትናገረውን አንዷን ብቻ መሰረዝ አልሆነልኝም።