ሳነቴ ላይ ያለው ሰማያዊ በር

ከአዲስ አበባ ዘመድ በመጣ ቁጥር አስጎብኚዋ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ሮቤ ውስጥ ቤት ስላለኝና እምቢ ማለት ስለማይሆንልኝ ሥራው እኔ ላይ ወድቆ ቀረ። ፕሮግራሙን በቃሌ እወጣዋለሁ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሮቤ፣ ከሰዓት ጎባ፣ እሑድ የሳነቴ ተራራ። ሮቤ ላይ የማሳየው ካለቀብኝ ወደ ሲናና ወጣ አድርጌ የስንዴ ማሳ አሳያለሁ። እንግዶቹ ፎቶ ይነሳሉ፣ እኔ ቦርሳቸውን እይዛለሁ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ደግሞ «እረፍት እንዴት ነበር?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

እሑድ ጠዋት መኪናው ጎባ፣ እናቴ በር ላይ ይቆማል። እናቴ ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ ትወጣለች። «እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳን አብረን እንውጣ» ስላት መልሷ አንድ ነው፤ «እንግዳ ይቅደም፣ እኔ ሌላ ጊዜ።» እኛ ቤት ለእንግዳ አልጋም ይለቀቃል፣ የመኪና ወንበርም ይለቀቃል። እንዲህ እየለቀቀች ዕድሜዋን ሙሉ ከታች ሆና የምታየውን ተራራ ወጥታው አታውቅም። ስንመለስ ግን ወደ ጓዳ ትጠራኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች፤ «ቤቱ አለ?»

ቤት የምትለው አንዲት የድንጋይ ክፍል ናት። አባቴ ግሬደር ነጂ ነበር። በሳነቴ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ ሲጠርግ እዚያች ክፍል ውስጥ ወሩን ሙሉ ይከርማል፤ እናቴ በሚያልፍ የጭነት መኪና ስንቅ ትልክለታለች። በሩን ሰማያዊ የቀባው ራሱ ነው፣ በጉሙ ውስጥ እንዲታየው። እናቴ ስንቋን ላከች እንጂ እሷ አንድ ጊዜ ልጅ ይዛ፣ አንድ ጊዜ እርጉዝ ሆና ሳይመቻት ቀረ። በኋላ አባቴም ሞተ።

መጀመሪያ ላይ ስትጠይቀኝ «አለ» የምላት እውነቴን ነበር። ከዚያ ቆርቆሮውን ነፋስ ወሰደው። በሩ ተነቀለ። አንድ እሑድ ስደርስ የድንጋይ ክምር ብቻ አገኘሁ። ያን ቀን እንግዶቹ ስድስት ነበሩ፣ ሁለቱ ከፍታው አሟቸው መንገዱን ሙሉ ሲያስታውኩ ነው የተመለስነው። እናቴ ጓዳ ጠርታ ስትጠይቀኝ እሷን ለማጽናናት የቀረ አቅም አልነበረኝም። «አለ» አልኳት። «በሩስ?» «እንዳለ ነው፣ ሰማያዊ።» እጄን ሳመችው። ከዚያ ወዲህ በመጣ እንግዳ ቁጥር ያንኑ ቤት እንደገና ስሠራው ኖርኩ።

ዘንድሮ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላት። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየሄደ ነው፣ የጠፋውም አይመለስም አለን። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ «ያንን ቤት ሳላየው እንዳይጨልምብኝ» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እንግዳ ፕሮግራም አወጣሁ፦ ቅዳሜ ሮቤን ላዞራት፣ እሑድ ሳነቴ ላወጣት፣ መንገድ ላይ እውነቱን ልነግራት። የምለውን ሳምንቱን ሙሉ አጠናሁት። እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ዓርብ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። የአጎቴ ልጅ ናት፤ ከባሏና ከልጇ ጋር አውሮፕላን ማረፊያው ደርሳለች፣ «ሰርፕራይዝ!» ትላለች። ሦስት ሰው፣ እኔ አራተኛ፣ ሾፌሩ አምስተኛ፤ የተከራየሁት መኪና ሞላ። እናቴ በስልክ ስነግራት ወዲያው «ይሂዱ እንጂ፣ እንግዳ ናቸው። ተራራው የት ይሄዳል?» አለች።

የሚሄደው ዓይንሽ ነው፣ አላልኳትም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ከዚያ በራሴ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ አንሶላ ልቀይር ተነሳሁ።

ቅዳሜን እንደ ልማዴ አዞርኳቸው። እሑድ ጠዋት ጎባ ስንደርስ እናቴ ፔርሙሱንና ፌስታሉን ይዛ ወጣች። የአባቴን ካፖርት ለብሳለች። ወደ ተራራው ስትወጣ ልትለብሰው ከሣጥን አውጥታ፣ በፀሐይ አስጥታ ያዘጋጀችው ነው፤ መቅረቷን ከነገረችኝ በኋላም ወደ ሣጥኑ አልመለሰችውም። ፔርሙሱን በመስኮት አቀበለችኝና ፈገግ አለች።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«ወዴት ነሽ?» አለች የአጎቴ ልጅ።

«እማዬ ትሄዳለች። እኔ ደክሞኛል።»

«ኧረ አንቺ ከሌለሽ ማን ያሳየናል?»

«ሾፌሩ ያውቀዋል።»

እናቴ ለመከራከር አፏን ስትከፍት፣ እኛን ማመላለስ የሰለቸው ሾፌር ሞተሩን አስነስቶ «አዮ፣ ይግቡ እናቴ፣ ጉሙ ሳይወርድ» አላት። ገባች። ያጠናሁትን ሁሉ አንዲት ቃል ሳልነግራት መኪናው ሄደ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ቀኑን ሙሉ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ይቅርታ ብዬ ልጀምር፣ ወይስ እስክትቆጣኝ ልጠብቅ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። እንግዶቹ ቀይ ቀበሮ አይተው፣ ከጅብራ ተክል ሥር ፎቶ ተነስተው እየተንጫጩ ገቡ። ሾፌሩን በር ላይ ያዝኩት።

«እናትሽ የመንገድ ሥራው ቤት ጋ አቁምልኝ አሉኝ» አለኝ። «ቤቱ ከፈረሰ ቆየ፣ አዮ፣ አልኳቸው። ወርደው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። ‹ይኸው ብቻ ነው?› አሉኝ። ‹ኤዬ፣ ይኸው ብቻ ነው› አልኩ። ከዚያ ለሁላችንም ሻይ ቀዱልን።»

ጓዳ ገባሁ። እናቴ ካፖርቱን አውልቃ ሚስማር ላይ ልትሰቅለው በእጇ ሚስማሩን ትፈልጋለች። ተቀብያት ሰቀልኩት። 

«እንደነገርሽኝ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«በሩስ?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ ምናልባት እንድትቆጣኝ ፈልጌ ይሆናል።

እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«አለ» አለች። «ቀለሙ ብቻ ትንሽ ለቋል።»